የሰጠመች መርከብ የማን ናት? የታሪካዊ መርከቦች ጠለቃ ከአትላንታ ሲታይ

በባሕር ወለል ላይ የተጋደመች ታሪካዊ መርከብ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ትስባለች፤ አንደኛው ለማየትና ለመደሰት የሚወርደው የስፖርት ጠላቂ ነው፣ ሁለተኛው ዕቃዋን አውጥቶ ዋጋ ሊያገኝበት የሚሻው ንብረት አውጪ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ሰነድ ሊያነብባት የሚፈልገው የአርኪኦሎጂ ባለሙያ ነው። ሦስቱ በአንድ ቦታ ሲገናኙ የሚነሣው ክርክር፣ ማለትም መርከቧ የማን ናት፣ ማንስ ሊነካት ይገባል የሚለው፣ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ደጋግሞ እልባት ያገኘው በወደብ ከተማ ሳይሆን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአትላንታ ነው። ይህ ዳሰሳ የጠለቃን አሠራር፣ በጆርጂያ ግዛት ውኆች የሰጠሙትን መርከቦች፣ በአትላንታ የተሰጡትን ፍርዶችና ከዚያው አካባቢ የሚመራውን የታይታኒክ ንብረት ሥራ ተራ በተራ ይመረምራል፤ በመጨረሻም ነገሩ ለቀይ ባሕርና ለኢትዮጵያ ታሪክ ያለውን ትርጉም ያመለክታል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠለቃው አሠራርና ወሰኑ

ስኩባ የሚባለው፣ ጠላቂው ከላይ ካለ ጀልባ ጋር በቱቦ ሳይያያዝ የሚተነፍሰውን አየር በጀርባው በተሸከመው ሲሊንደር ይዞ የሚወርድበት ዘዴ ነው። ዘዴው ለብዙ ሰው ሊዳረስ የቻለው ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 አየሩን ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ካለው ግፊት ጋር የሚያመጣጥን መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ነው። የውኃ ግፊት በየ10 ሜትሩ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ልክ ስለሚጨምር፣ 30 ሜትር ላይ የደረሰ ሰው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ካለው አራት እጥፍ ግፊት ይሸከማል፣ የሲሊንደሩም አየር በዚያው መጠን ፈጥኖ ያልቃል። ከአየሩ ጋር ወደ ደም የሚገባው ናይትሮጅን ደግሞ ሁለት አደጋ አለው፤ ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ እንደ መጠጥ አእምሮን ያደነዝዛል፣ ጠላቂው በችኮላ ሲወጣም በሰውነት ውስጥ አረፋ እየሆነ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲከፋ ሽባ ያደርጋል ወይም ይገድላል። የመዝናኛ ጠለቃ ወሰን 40 ሜትር የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰጠመች መርከብ በእነዚህ ላይ የራሷን አደጋ ትጨምራለች። ወደ መርከቧ ሆድ የገባ ጠላቂ በራሱ እግር የቀሰቀሰው ደለል መውጫውን ይጋርድበታል፣ የዛገ ጣሪያ ሊደረመስበት ይችላል፣ የተንጠለጠለ ሽቦም ሲሊንደሩን ይይዝበታል፤ ስለዚህ በሙያው የሠለጠነ ሰው ከመግቢያው ጀምሮ ገመድ እየዘረጋ ይገባል፣ አየሩንም ከሦስት ከፍሎ አንዱን እጅ ለመግቢያ፣ ሁለተኛውን ለመውጫ፣ ሦስተኛውን ለድንገተኛ ችግር ይመድባል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ታዋቂ የሰጠሙ መርከቦች ከስኩባ ወሰን በታች ስለሚገኙ፣ እነርሱን የሚደርስባቸው በገመድ የሚመራ ሮቦት ወይም ሰው የሚይዝ ልዩ ሰርጓጅ ብቻ ነው። ይህ የጥልቀት ልዩነት የሕጉንም መልክ ለውጧል፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ተከራካሪው በአብዛኛው ግለሰብ ጠላቂ ሲሆን፣ በጥልቁ ግን ብዙ ካፒታል ያለው ኩባንያ ነው።

የአትላንታ ነዋሪ ባሕር ባይኖረውም ከጠለቃ የራቀ አይደለም። በ1956 ተሠርቶ ባለቀው በቡፎርድ ግድብ የተፈጠረው ሌክ ላኒየር ብዙም የማያሳይ ውኃ ያለው፣ በሥሩ የዛፍ ግንዶችና የቀድሞ ሕንፃዎች መሠረት የቀረበት ሰፊ ሐይቅ ነው። በ2005 በከተማዋ መሃል የተከፈተው ጆርጂያ አኳሪየም ደግሞ 24 ሚሊዮን ሊትር ያህል ጨዋማ ውኃ የያዘ ትልቅ ገንዳ ያለው ሲሆን፣ የምስክር ወረቀት ያላቸው ጠላቂዎች በዚያ ገንዳ ከዓሣዎች ሁሉ ትልቁ ከሆነው ከዌል ሻርክ ጋር አብረው ይዋኛሉ።

የጆርጂያ ዳርቻና መርከቦቹ

የጆርጂያ የባሕር ዳርቻ እንደ ሰሜኑ የሜይን ግዛት ዳርቻ ቋጥኝ የበዛበት አይደለም፤ በአሸዋማ ደሴቶች የተከለለ፣ በረግረግ ሣርና በጭቃ ወንዞች የተቆራረጠ ዝቅተኛ መሬት ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከ2 ሜትር በላይ ስለሚለዋወጥ በቀን ሁለት ጊዜ ብርቱ ጅረት በወንዞቹ አፍ ይገባል፣ ይወጣልም። ውኃው ሞቃትና ጨዋማ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ እንጨት በሳ ትል የመርከብን አካል ይበላል፤ የሚቀረው ብረቱና ጭቃው በፍጥነት የሸፈነው እንጨት ነው። በዚህ ምክንያት የግዛቱ ታሪካዊ መርከቦች ለዓይን የሚያምሩ አይደሉም፣ ይሁን እንጂ የያዙት ታሪክ ብዙ ነው።

ዋነኞቹ የእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ማለትም ከ1861 እስከ 1865 በሰሜኑና በተገንጣዩ ደቡብ መካከል የተደረገው ጦርነት ቅሪቶች ናቸው። ደቡባውያኑ የሰሜኑን የባሕር ኃይል ለመቋቋም ብረት ለበስ መርከቦችን ሠሩ፤ እነዚህም ከእንጨት የተሠራ አካላቸው በወፍራም የብረት ሰሌዳ ወይም በባቡር ሐዲድ የተሸፈነ የጦር መርከቦች ነበሩ። በዚህ ሥራ የአትላንታ ድርሻ ቀላል አልነበረም፤ የባቡር መስመሮች መገናኛ የነበረችው ከተማ ለመርከቦቹ የብረት ልባስ የሚያመርት የብረት መዳመጫ ፋብሪካ ነበራት። አንዲቱ መርከብም በከተማዋ ስም ተጠርታለች፤ በስኮትላንድ ተሠርታ ፊንጋል በሚል ስም በ1861 ወደ ሳቫና ወደብ የገባችው የጭነት መርከብ ወደ ብረት ለበስ የጦር መርከብነት ተለውጣ አትላንታ ተባለች፣ ሰኔ 17 ቀን 1863 በዋሶ ሳውንድ በተባለው የባሕር ጠረፍ ከሰሜኑ መርከቦች ጋር ተዋግታ ተማረከች። ከጦርነቱ በኋላ ለሄይቲ ተሽጣ በ1869 መጨረሻ ጉዞ ስትጀምር ከነመርከበኞቿ ጠፋች።

ጆርጂያ የተባለችው የሌላዋ ብረት ለበስ ዕጣ ግን ሌላ ነበር። በሴቶች ማኅበር መዋጮ በ1862 በሳቫና የተሠራችው ይህች መርከብ በባቡር ሐዲድ የተለበጠ የመድፍ ቤቷ እጅግ ስለከበደና ሞተሯ ስለደከመ የወንዙን ጅረት መቋቋም ተሳናት፤ ስለዚህ በጃክሰን ምሽግ አጠገብ በመልሕቅ ታስራ እንደ ተንሳፋፊ ምሽግ አገለገለች። ጄኔራል ሸርማን አትላንታን አቃጥሎ በኅዳር ወር 1864 ወደ ባሕር የጀመረው ዘመቻ በታኅሣሥ ወር ሳቫና ሲደርስ፣ ደቡባውያኑ መርከቧ በጠላት እጅ እንዳትወድቅ ራሳቸው አሰጠሟት። በአትላንታ የተጀመረው ዘመቻ የመርከቧን ፍጻሜ ወሰነ ማለት ነው።

ሌሎቹም ቅሪቶች ዓይነታቸው ብዙ ነው። በአትላንታ በኩል አልፎ የከተማዋን የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የቻታሁቺ ወንዝ ወደ ደቡብ ወርዶ በሚያገኛት በኮለምበስ ከተማ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከወንዙ የወጣችው ብረት ለበሷ ጃክሰን በሙዚየም ውስጥ ትታያለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዩ 123 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በሚያዝያ 1942 በሴንት ሳይመንስ ደሴት ፊት ለፊት ሁለት የነዳጅ መርከቦችን መታ፣ በማግሥቱም ኤስፓርታ የተባለችውን የፍራፍሬ ጫኝ መርከብ አሰጠመ። ከዳርቻው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የተገኘችው ሪፐብሊክ ደግሞ በ1865 ከኒው ዮርክ ወደ ኒው ኦርሊያንስ ስትጓዝ በማዕበል የጠፋች የእንፋሎት መርከብ ናት፤ ኦዲሲ ማሪን የተባለው ኩባንያ ከ2003 ጀምሮ በሮቦት ከ51,000 በላይ የወርቅና የብር ሳንቲሞች አወጣባት።

በጨለማ ውስጥ የሚሠራ አርኪኦሎጂ

የጠላቂው ሥራ በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የብረት ለበሷ የጆርጂያ ከወንዙ መነሣት ነው። መርከቧ በ1968 በደለል ጠራጊ መርከብ ተመትታ ዳግም ተገኘች፤ ከዚያም የሳቫና ወደብ ለትልልቅ የኮንቴይነር መርከቦች እንዲመች ጥልቀቱን ከ42 ወደ 47 ጫማ ለማድረስ ሲወሰን፣ ቅሪቷ ከመንገድ መነሣቷ ግድ ሆነ። በ2015 በአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል መሪነት አርኪኦሎጂስቶችና የባሕር ኃይል ጠላቂዎች ሥራውን ጀመሩ።

በሳቫና ወንዝ 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ጠላቂው የገዛ እጁን እንኳ ማየት አይችልም። የሚሠራው በዳሰሳ ነው፤ ጓንት የለበሰ እጁን በሐዲዱ ላይ እያስኬደ ቅርጹን ይለያል፣ የብረቱን ጠርዝና መገጣጠሚያ ይቆጥራል፣ ያገኘውንም በስልክ መስመር ላይ ላለው መዝጋቢ ይናገራል፣ መዝጋቢውም በሶናር፣ ማለትም የድምፅ ሞገድ ልኮ የገደል ማሚቶውን በመለካት በተሠራው ካርታ ላይ ያሰፍረዋል። የመሥሪያ ሰዓቱ አጭር ነው፤ ሙላቱ ቆሞ ጉድለቱ ከመጀመሩ በፊት ጅረቱ ጋብ በሚልበት ጊዜ ብቻ ይወርዳል። ያልፈነዱ የመድፍ ጥይቶች በመኖራቸውም የባሕር ኃይሉ የፈንጂ ባለሙያዎች አብረው መሥራት ነበረባቸው። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ አራት መድፎች፣ የመድፍ ቤቷ ክፍሎችና በሌላ ጊዜ የወጡትን ጨምሮ ወደ 30,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ወጥተው ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የጥበቃ ቤተ ሙከራ ተላኩ።

የውኃ ውስጥ ሥራው የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ለ150 ዓመታት በጨዋማ ውኃ የኖረ ብረት ክሎራይድ የተባለውን የጨው ንጥረ ነገር እስከ ውስጡ ስለሚመጥጥ፣ ወጥቶ በአየር ላይ ቢደርቅ ጨዉ ብረቱን ከውስጥ እየሰነጠቀ በጥቂት ወራት ወደ ዝገት ፍርስራሽ ይለውጠዋል። ስለዚህ መድፉ በአልካሊ ውኃ በተሞላ ገንዳ ተነክሮ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይለቀቅበታል፤ ጨዉ ቀስ በቀስ ሲወጣለት ዓመታት ያልፋሉ። እንጨትም ቢሆን በሥሩ የገባው ውኃ በሰም መሰል ንጥረ ነገር እየተተካ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ዕቃን ከባሕር ማውጣት ለሚያወጣው አካል የረዥም ዘመን ዕዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። በዚሁ ወንዝ በ2021 እና በ2022 በደለል ጠረጋ ወቅት 19 መድፎች መገኘታቸው ነገሩ ማብቂያ እንደሌለው አሳይቷል፤ መድፎቹ ብሪታንያውያን በ1779 የፈረንሳይን መርከቦች ለመከልከል ሆን ብለው ካሰጠሟቸው መርከቦች የቀሩ እንደሆኑ ይታመናል።

በአትላንታ የተሰጡ ፍርዶች

ለብዙ ዘመን በባሕር ላይ የሠሩ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው የማዳን ሕግ ሲሆን፣ በአደጋ ላይ ያለን መርከብ ወይም ጭነት ላዳነ ሰው ባለቤቱ ሽልማት እንዲከፍለው ያዝዛል፤ ሁለተኛው የግኝት ሕግ ባለቤቱ የተወውን ንብረት ላገኘው ሰው ይሰጣል። ሁለቱም የተቀረጹት ለነጋዴ እንጂ ለታሪክ አልነበረም። በ1981 የተቋቋመውና መቀመጫው አትላንታ የሆነው የአሥራ አንደኛው ክልል የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የጆርጂያን፣ የአላባማንና በሰጠሙ የስፔን መርከቦች የታወቀችውን የፍሎሪዳን ይግባኞች ስለሚያይ፣ ሕጎቹ ከታሪካዊ ቅርስ ጋር ሲጋጩ ፍርዱ በአብዛኛው ከዚያ ወጥቷል።

በ1985 ሁለት ውሳኔዎች ተሰጡ። አንደኛው በብስኬን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በ1978 አንድ የስፖርት ጠላቂ ያገኛትን የ18ኛውን መቶ ዘመን የእንግሊዝ መርከብ የሚመለከት ነበር፤ መርከቧ በ1748 የሰጠመችው ፎዊ መሆኗ በኋላ ታውቋል። ፍርድ ቤቱ መርከቧ የአሜሪካ መንግሥት ናት ከማለቱም በላይ፣ ጠላቂው ዕቃዎቹን ያለ ሳይንሳዊ ምዝገባ በማውጣቱ መርከቧን ከአደጋ አላዳነም፣ ይልቁንም አደጋ አመጣባት በማለት ሽልማቱን ከለከለው። ሁለተኛው ውሳኔ በየካቲት 1863 በማክአሊስተር ምሽግ አጠገብ በኦጊቺ ወንዝ ውስጥ ተቃጥላ የሰጠመችው ናሽቪል ላይ ነበር፤ መርከቧ በግዛቱ የወንዝ ወለል ውስጥ የተቀበረች ስለሆነች የጆርጂያ ግዛት ንብረት ናት ተባለ፣ ዕቃዋን ያወጡትም ሰዎች ሽልማት ሳያገኙ ቀሩ። ከዚህ በኋላ በ1988 የተፈረመው የተተዉ መርከቦች ሕግ ይህንኑ መርሕ በአገር አቀፍ ደረጃ አጸና፤ በግዛቶች ውኃ ወለል ውስጥ የተቀበሩ የተተዉ መርከቦች የግዛቱ እንደሆኑ፣ የማዳንና የግኝት ሕጎችም እንደማይሠሩባቸው ደነገገ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የመርሴዲስ ክርክር ነው። ኑዌስትራ ሴኞራ ዴ ላስ መርሴዲስ በ1804 ከደቡብ አሜሪካ ብር ጭና ስትመለስ በፖርቱጋል ዳርቻ በብሪታንያ መርከቦች ተመትታ የፈነዳች የስፔን የጦር መርከብ ናት። ኦዲሲ ማሪን በ2007 ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ወደ 594,000 የሚጠጉ ሳንቲሞችን አውጥቶ ወደ ፍሎሪዳ ወሰደ፤ ስፔን ግን የጦር መርከብ መቼም ቢሆን የመንግሥት ንብረት ናት፣ የሌላ አገር ፍርድ ቤትም ሊይዛት አይችልም ስትል ተከራከረች። አትላንታ ያለው ፍርድ ቤት በመስከረም 2011 ለስፔን ወሰነ፣ በየካቲት 2012ም 17 ቶን ያህል የሚመዝነው ገንዘብ በሁለት የጦር አውሮፕላኖች ወደ ስፔን ተጓዘ። በክርክሩ ፔሩም ብሩ ከአገሯ ማዕድን የወጣ ነው በማለት ጠይቃ ነበር፤ ጥያቄዋ ተቀባይነት ባያገኝም፣ መርከቧን ለባለ ባንዲራው መንግሥት የሚሰጠው መርሕ የቅኝ ግዛት ዘመንን ንብረት በተመለከተ የሚተወውን ክፍተት በግልጽ አሳይቷል።

የታይታኒክ ልዩ ጉዳይ

ከአትላንታው ፍርድ ቤት ብዙም ሳይርቅ ከእነዚህ ፍርዶች መንፈስ የተለየ አሠራር ይገኛል። መቀመጫውን በአትላንታ አካባቢ ያደረገው አር ኤም ኤስ ታይታኒክ የተባለው ኩባንያ በ1985 በ3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ከተገኘችው ከታይታኒክ ከ1987 ጀምሮ የወጡ ከ5,500 በላይ ዕቃዎችን ይዟል። መርከቧ የሰጠመችው ከየትኛውም አገር የባሕር ክልል ውጭ በመሆኑና የጦር መርከብ ባለመሆኗ፣ በቨርጂኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1994 ኩባንያውን ብቸኛ አዳኝ አድርጎ አወቀው፤ በኋላም ዕቃዎቹ ሳይበታተኑ በአንድነት እንዲጠበቁና ለሕዝብ እንዲታዩ የሚያስገድድ ግዴታ ጣለበት።

የግዴታው ጥቅም የታየው የኩባንያው ባለቤት ድርጅት በ2016 ኪሳራ ሲያውጅ ነው፤ ስብስቡ በ2018 በ19.5 ሚሊዮን ዶላር ለአዲስ ባለሀብቶች ቢሸጥም ተነጣጥሎ በጨረታ አልተበተነም። ኩባንያው በ2020 የመርከቧን የቴሌግራፍ መሣሪያ ለማውጣት የጣሪያዋን ክፍል ሊቆርጥ ፈቃድ ሲያገኝ ግን የአሜሪካ መንግሥት የሟቾች መቃብር ነው በሚል ተቃወመ፣ ዕቅዱም ቀረ። በ2024 የተደረገው ጉዞ በሮቦት ፎቶግራፍ በማንሣት ብቻ መወሰኑ፣ ዕቃ ከማውጣት ይልቅ መመዝገብ ሚዛን እየደፋ መምጣቱን ያመለክታል።

የተረሱ ሰዎች መርከቦች

ባለቤትነት ብቻውን መልስ የማይሆንባቸው መርከቦች አሉ፤ እነርሱም ባሪያ ጫኞቹ ናቸው። በ1794 ከሞዛምቢክ ወደ ብራዚል ስትጓዝ በኬፕ ታውን ቋጥኛማ ዳርቻ የተሰበረችው ሳኦ ዦዜ ከ200 በላይ ምርኮኞች ያለቁባት መርከብ ስትሆን፣ ማንነቷ በ2015 ይፋ ተደርጓል። በ1860 በአላባማ 110 ያህል አፍሪካውያንን አራግፋ እንድትቃጠል የተደረገችው ክሎቲልዳ ደግሞ በ2019 ተለይታ ታውቃለች። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የመጀመሪያው ባለ ጉዳይ ንብረት ፈላጊ ሳይሆን የተጫኑት ሰዎች ዝርያ ነው። ዳይቪንግ ዊዝ ኤ ፐርፐስ የተባለው በአፍሪካ አሜሪካውያን ጠላቂዎች የተመሠረተ ድርጅት የስፖርት ጠላቂዎችን መለካት፣ መንደፍና ፎቶግራፍ ማንሣት እያስተማረ በምርምሩ እንዲሳተፉ አድርጓል፤ በዚህም የስፖርት ጠላቂና አርኪኦሎጂስት ተቃዋሚዎች መሆናቸው ግድ እንዳልሆነ በተግባር አሳይቷል።

ቀይ ባሕርና ኢትዮጵያ

ይህ ሁሉ በአትላንታና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በዛሬዋ ኤርትራ በዳህላክ ደሴቶች በብላክ አሳርካ አጠገብ በ1997 የተጠናችው መርከብ በአክሱም መንግሥት ዘመን የሰጠመች ናት፤ ጭነቷ በዛሬዋ አቃባ ይሠሩ የነበሩ እንስራዎች ሲሆኑ፣ የዚያው ዓይነት እንስራ ስባሪ በአክሱምና በመጠራ ቁፋሮዎች ይገኛል። እንስራዎቹ በሥርዓት ሳይመዘገቡ ለገበያ ቢወጡ ኖሮ የአክሱም ወደብ የነበረችው አዱሊስ በንግድ ከሰሜን ጋር የነበራትን ግንኙነት የሚመሰክር ጭነት ወደ ተራ የሸክላ ዕቃ በወረደ ነበር።

የቅርቡ ዘመን ቅሪትም አለ። ኡምብሪያ የተባለችው የጣሊያን መርከብ ወደ 360,000 የሚጠጉ ቦምቦችን ለጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ጦር ጭና ስትሄድ፣ በሰኔ 1940 ጣሊያን ጦርነት ባወጀች ጊዜ መርከበኞቿ በፖርት ሱዳን አጠገብ አሰጠሟት፤ ቦምቦቹ ዛሬም በሆዷ እንዳሉ ጠላቂዎች ይጎበኟታል። ጣሊያኖች በ1941 ምጽዋን ሲለቁም ወደቡን በሰጠሙ መርከቦች ዘጉት፣ በማግሥቱ ዓመት የደረሰው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግም መርከቦቹንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ገንዳዎቹን በማንሣት ወደቡን መልሶ ከፈተ።

ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ጉዳዮች ሲጠቃለሉ፣ ማግኘት ባለቤት አያደርግም የሚለው መርሕ በአገሮች የውኃ ክልል ውስጥ ላሉ መርከቦችና ለጦር መርከቦች ጸንቷል ማለት ይቻላል፤ በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ ግን ገና በየጉዳዩ የሚታይ ነው። ከ100 ዓመት በላይ በውኃ ውስጥ የቆየን ቅርስ በንግድ መበዝበዝ የሚከለክለውና በቦታው መጠበቅን የሚያስቀድመው የ2001 የዩኔስኮ ስምምነት ይህንን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ቢሆንም፣ አሜሪካ አባል አልሆነችም።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ሲመለስ ደግሞ ከእርሱ የሚከብደው የእንክብካቤ ጥያቄ ይከተላል። የሳቫናዋ ጆርጂያ ከወንዙ የወጣችው ወደቡ ሊጠረግ ስለነበር፣ ወጪውን የሚችል መንግሥትና የሚቀበል ቤተ ሙከራ ስለነበራት ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ባልተሟሉበት ቦታ መርከብን ማንሣት ቅርስን ከጭቃ ጥበቃ አውጥቶ ለዝገት መስጠት ይሆናል። ስለዚህ የስፖርት ጠላቂው በማየት፣ በመለካትና ባለበት በመተው የሚሠራው ሥራ ከሁሉ ርካሹ ጥበቃ ነው። ባሕር የሌላቸው አገሮችም ቢሆኑ ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም፤ የአትላንታ ምሳሌ እንደሚያስረዳው የሰጠመችን መርከብ ዕድል የሚወስኑት ሕግ፣ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ባለሙያ በየብስ ላይ የሚዘጋጁ ናቸው፣ ለእነርሱም ወደብ መኖሩ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።